የቱላ ናስ

በቱላ ከተማ፣ በኡፓ ወንዝ ዳር፣
ካንድ ናስ ይወጣል መትረየስ፣ ሳሞቫር።
የሁለቱም ሆድ ውሃ ነው የሚያፈላ፤
አንዱ እንግዳ ሲጠራ፣ ሌላው ሰው ሲበላ።

ይህን ያለኝ ጌታዬ ኤቭላምፒ ነበረ፣
ዓይኑን በሞረድ ጫፍ ቀስ በቀስ የቀበረ።
ሳሞቫሩን ትቶ ወደ ጦር ብረት ዞረ፤
ዐሥራ ሦስት ሲሞላኝ፣ አባቴ እጁ ሥር ጥሎኝ ወንዙን ተሻገረ።

ከማንቹሪያ የተረፈ አንድ አሮጌ ማክሲም ነበረን፣
ናስ የለበሰ፣ እንደ ደብር ጉልላት የሚያበራን።
«ውበቱ አስገደለው» ይል ነበር ጌታዬ፣ «ፀሐይ ሲነካው ሲያበራ፣
ከኮረብታው ማዶ የጠላትን መድፍ ሲጠራ።»

ናሱ ተገፈፈ። ብረት አለበሱት።
ሸክሙን ቀንሰው በሁለት መንኮራኩር አቆሙት።
ያም ሆኖ ከባድ ነው፤ በጭቃ ሲጎትቱት
አራት ሰው ያቃስታል፣
በሬ አምስተኛ ቢሆን በወደዱት።

ምላሱን በእጅ ነው የምንሞርደው፤
የአንዱ ለሌላው አይሆንም፣
ብታውሰው ይታነቃል፣
አንዴ ስሎ ዝም ይላል።
ኤቭላምፒ በየምላሱ ሥር፣ ማንም በማያይበት፣
ሦስት ጭረት ይጭራል፣ አለቃ ያልፈቀደለት።

ሚስቱ ግላፊራ ዝናር ትሰፋለች፤
ሁለት መቶ ኀምሳ ኪስ ባንድ ሸራ ትቆጥራለች።
ልጇ ፕሮኮፊ ተኳሽ ነበር፣ በጋሊሲያ ጋራ፣
በዚያ በጥይት ድርቅ ዓመት።
ደብዳቤው ሲነበብላት
«ኪሱን ሰፋሁ እንጂ» አለች፣ «ጥይቱን እኔ አልሰፋ።»
ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዘችም።

ወንድም በወንድሙ ላይ ቃታ የሳበ ሰሞን፣
ሁለት ቆሳስለው መጡ፣ አንድ ጋሪ ጭኗቸው ጎን ለጎን።
የአንዱ ንስር ተፍቆ፣ ቀይ ኮከብ ተቀብቶ፣
የሌላው ንስር እንዳለ፣ አንገቱ ተመትቶ።
ምላሳቸውን አወጣሁ።
ከሥሩ ሦስት ጭረት።
ከሁለቱም።
ጌታዬ አየ፤ መነጽሩን አወለቀ፤
ያን ቀን ሞረዱ ከእጁ ወደቀ።
በዐቢይ ጾም መግቢያ ቀበርነው።

ዛሬ እኔም ሸብቻለሁ። ፋብሪካው በባቡር ወደ ኡራል ሄዷል፤
ጀርመን ከከተማው ጫፍ፣ ከጡብ ቤቱ ወዲያ ያጓራል።
በቀረው አንድ ጥግ ስድስት ሽማግሌ ሆነን
የተሰበረ እንጠግናለን።
ሌሊት፣ ኔስቶር የሚሉት አንድ ለጋ ወታደር
መትረየስ እየጎተተ ገባ፣ ቅንድቡ ላይ በረዶ ሲጋገር።
ምላሱን ዳበስሁ። ሦስት ጭረት።
አልተናገርሁም።
«ውሃው ሆዱ ውስጥ ረግቶ ሊያፈነዳው ነው» አለኝ፣
«ሌላ ስጠኝ። ትኩስ ስጠኝ።»

ቧንቧው ከጥቅምት ጀምሮ ድንጋይ ነው፤
ያለን ትኩስ ነገር በጌታዬ ሳሞቫር ውስጥ ነው፣
የስድስት ሰው ሻይ፣ የአንድ ሌሊት።
ከፈትሁት።
ናሱ ለብረቱ ቀዳ፤
እስኪ የቱ ነው ቤተኛ፣ የቱ ነው እንግዳ?

ኔስቶር ባዶ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል።
«ለእኔ ጠብታ አልተረፈም?»
አልተረፈም።
ስኳሩን በጥርሱ እንደ ነከሰ
መትረየሱን እየጎተተ ወደ በረዶው ተመለሰ።