አውራ ጣት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን፣
ጋሽ ወርዶፋ ኖሩ፣ እየሰፈሩ ብርሃን፣
እንደ እህል ነጋዴ፣ ቅንጣት ሳያጎድሉ።
«አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ» ይሉኛል በየዕለቱ ሁሉ፤
«ዓይን ካልጠራ ፎቶ የለም፤
የዘመመ ቤትና የዘመመ ምስል አንድ ናቸው፣ ሰው አያኖርም።»
ተማርኩ። ትንፋሼን ውጬ ነው የማነሳው፤
የሰውን ጠባሳ አጥቤ፣ ብጉሩን ጠርጌ የማወጣው።

ሐምሌ፣ የዝናብ ጠዋት፣ ጃንጥላቸውን በር ላይ ጥለው፣
እትዬ አልጋነሽ ገቡ፣ አንድ ፎቶ በፌስታል ጠቅልለው።
«አሳድግልኝ» አሉኝ።
አየሁት።
ምኑን ላሳድገው?
ፖስታ ቤቱ ዘሟል፤ የቸርችል ቁልቁለት ወደ ጎን ፈሷል፤
እሳቸው መሃል ቆመው፣ ፊታቸው በሳቅ ይሁን በንፋስ፣ ብቻ ደብዝዟል፤
ከቀኙ ጥግ ደግሞ፣ ቀላ ያለ፣ ደመና መሳይ፣
የማን እንደሆነ እንጃ፣ አውራ ጣት አርፏል ሌንሱ ላይ።

«ግድ የለም፣ ለእኔ ተዉት» አልኩ፤ የሙያ ኩራት ያዘኝ፤
ያን ሌሊት መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያናድደኝ፣
ፖስታ ቤቱን አቀናሁ። ቁልቁለቱን ቦታው መለስኩ።
ከመታወቂያቸው ላይ ዓይን ተበድሬ ተከልኩ፤
ጣቱን ፍቄ ሰማይ ሞላሁ፣ ሁለት ዛፍም አበቀልኩ።
ጋሽ ወርዶፋ አይተው፣ «አሁን ፎቶ ሆነ» አሉ፤
ይህን ቃል ከሳቸው አፍ የሰሙ ይቆጠራሉ።

እትዬ አልጋነሽ መጡ። ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።
ዛፎቹን አዩ። ሰማዩን። ራሳቸውን እንደ እንግዳ ቃኙት።
ከዚያ ቀኝ ጥጉን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት፣
ሎተሪ እንደሚፍቅ ሰው፣ ከሥሩ አንድ ነገር እንዳለበት።

«ጣቷስ?»
«የቱ ጣት?»
«የውብዳር። የልጄ። ያነሳችኝ እሷ አይደለች እንዴ?
‹እማ፣ አትንቀሳቀሺ› እያለች፣ ራሷ በሳቅ ስትንቀጠቀጥ።
ሌላ ፎቶማ ሞልቷታል፤ እዚሁ ተነስታ፣ አገጯን ቀና አርጋ።
እዚያ ላይ እኔ ነኝ የማያት።
እዚህ ላይ እሷ ነበረች የምታየኝ።»
ውጭ አንድ ወያላ «አራት ኪሎ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል።
ጋሽ ወርዶፋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳይወለውሉት መልሰው አደረጉ።

የመጀመሪያውን ፈልጌ ከፈትኩ፣ ከነዘመሙ።
«በምን ያህል ላሳድገው?» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።
አውራ ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ።
«የእሷ ከኔ ጥቂት ታንሳለች። ጣቷ በልኳ ትምጣ፤
ወረቀቱ ካልበቃ ቁረጠው፤ እኔም ብሆን ልውጣ።»

ማስመሪያ ስስብ፣ ጋሽ ወርዶፋ ከእጄ ወሰዱት፤
የእትዬ አልጋነሽን እጅ፣ ቀስ ብለው፣ ስክሪኑ ላይ አሳረፉት።
«ጥቂት አሳድጋት» አሉ።
አሳደግኋት።
«ጥቂት።»
አሳደግኋት።
«በቃ። እዚህ ድረስ ነበረች።»