እርማት

በማላዊ ሐይቅ ዳር አንዲት ክፍል ጣቢያ፣
ግድግዳዋ ካርቶን፣ የእንቁላል ማኖሪያ፤
እኔ ነኝ ድምጿ፤ ቲያሚኬ ይሉኛል፤
ዓሣ የሚያጠምደው፣ ጥጥ የሚለቅመው ሳያየኝ ያውቀኛል።

ያን ሰኞ ማለዳ ወረቀት ሰጡኝ፤
ፊርማ የለበትም። «አንብቢው» አሉኝ።
«ከማዶ የመጣ፣ ከረጢት ያዘለ፣
ሌት ደም የሚቀዳ አንድ ሰውዬ አለ።»
ማን አየው? አላልኩም።
መቼ? የት? አላልኩም።
አንተስ ከማን ሰማህ? ይህንም አልጠየቅሁም።

ጠዋት አነበብኩት፣ ቀትር ላይ ደገምኩት፣
ማታ ካየር ጠባይ፣ ከጥጥ ዋጋ ጋራ አጣፍጬ ሰጠሁት።

ከረጢት ያዘለስ ነበረ፤ እውነት ነው።
ዳይተን ቺሳሌ ነው፤ አጎበር ሻጭ ነው፤
ፀሐዩ ሲበርድ መንገድ የሚወድ ሰው።
የተሸከመው ሁሉ ትንኝ የሚከለክል፣
ድንጋይ የማይመልስ ነጭ ጨርቅ ነበር፣ ዓይነ ብዙ፣ ቀላል።

ማክሰኞ ሲነጋ ማታያ ደወለ፣ የጣቢያው ኃላፊ፤
«ሰውየው ተገኝቷል፣ ከማንጎው ሥር» አለኝ። ሌላ ቃል አልተረፈ።

ሦስት ቀን ዝም አልን። ከዚያ ሦስት ወር ሆነ።
ዝምታም ዜና ነው፤ ፊርማ ሳይኖርበት በየቤቱ ታመነ።

ምርጫው ሲቃረብ በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ሰጡን፤
ሚዛን፣ ነፃነት፣ ተጠያቂነት… ሻይ አጠጡን፤
አበል ፈረምን።
እኔ ግን ከ«ሚዛን» ሥር፣ ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣
ስሥል ዋልኩ ያጎበር ዓይን፤ ዓይን፣ ደግሞም ዓይን፣ እስኪጠልቅ ፀሐይ።

ቅዳሜ ብስክሌት ተከራይቼ ሄድኩ።
ኤነሌሲ በር ላይ ካሳቫ ስትልጥ ደረስኩ።
መልኬን አላወቀችም። «እንዴት ዋልሽ?» ስላት፣
ድምፄን አወቀችው፤ ቢላዋው ወደቀ፣ ጉልበቷ ከዳት።

ይቅርታ ልል ነበር። እጇን አነሣችና፦
«ለእኔ አትንገሪኝ፤ እኔማ አውቃለሁ፤ ባሌ ነበርና።
እዚያው ሄደሽ ተናገሪ፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ሰዓት፣
ጠዋት አንዴ፣ ቀትር አንዴ፣ ማታ አንዴ፤ ልክ እንደዚያ ዕለት።
ልጆቼ ‹የደም ቀጂው› እየተባሉ ይጠራሉ፤
ጉድጓዱ ጋ ኋላ ቆመው፣ ሰው ሲያልቅ ውኃ ይቀዳሉ።»

ማታያ ፈራ፦ «ፈቃዳችን ይነጠቃል፤
እጩው ያኮርፋል፣ ማስታወቂያው ይርቃል።»
የመንደሩ ሹም መጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤
«ልጄ» አለኝ፣ «ያ ሌሊት አለቀ።
እስከ ዛሬ እኛ መንደር ያዳንን ነን።
ይህን ካነበብሽው፣ ስንነቃ ገዳዮች እንሆናለን።»

እውነቱን ነው። «እኔም» አልኩት፣ «አብሬ ነኝ፤
የመጀመሪያውን ድንጋይ ስወረውር
ክንዴን ማንም አላየኝ።»

«እርማት» ብዬ ጀመርኩ።
«በዚህ ጣቢያ፣ በዚህ ድምፅ፣ በዚያ ሰኞ የተነገረው
ሐሰት ነው።
ዳይተን ቺሳሌ አጎበር ሻጭ ነው።
ነበረ።»

ጠዋት አነበብኩት፤ ወደቡ ላይ ሬዲዮ ሁሉ ተዘጋ።
ቀትር ላይ አነበብኩት፤ ሁለት ጠጠር ጣራችንን ወጋ።
ማታ ላይ «እር…» ስል መብራቱ ሄደ። ጄኔሬተሩ ደርቋል፤
ነዳጁን ለቅስቀሳ መኪናው እጩው ትናንት ቀድቷል።

ወረቀቱን ከረጢቴ ከተትኩ፤ አዘልኩት፤ ወጣሁ።
ውሾች ሲጮኹብኝ፣ በር ሲቀረቀር፣ ያኔ ገባኝ ማን እንደሆንኩ፤
ሌሊት፣ ከረጢት ያዘለ ሰው።
«ማን ነው?» አለ ጨለማው። ስሜን ነገርኩት፤ ዝም አለ፤ አለፍኩት።

ኤነሌሲ ዝም ያለ ሬዲዮ ጭኗ ላይ አኑራ
ስትጠብቅ አገኘኋት፣ ልጆቿን በግራ በቀኝ አስቀምጣ፣ ያለ ኩራዝ፣ ያለ ጧፍ።
ሦስተኛውን እዚያ አነበብኩት፣ በቃሌ፣ ፊደል ሳይታየኝ።
እኔ እርማት አልኩ፤
እሷ እርሟን አወጣች።

ካጥሩ ጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
«ድገሚው» አለኝ። ማን እንደሆነ አላየሁም።
ደገምኩት።