ሺፈራው

ሐዋሳ መናኸሪያ፣ ባጃጅ በሚዞርበት፣
ፋርማሲ አለችኝ፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት።
ላይኛው መደርደሪያ፣ ከአምፖሉ ሥር ቆመው፣
ወርቃማ ክዳናም ጠርሙሶች ተሰልፈው፣
«የመከላከል አቅም» ይላል ወረቀታቸው፤
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው ዋጋቸው።
አቅም ያለው መጥቶ አቅም ገዝቶ ይሄዳል፤
አቅም የሌለው ሰው «እመለሳለሁ» ይላል።

ከፊት ለፊቴ ዳንሴ፣ ማዳበሪያ አንጥፋ፣
ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል ዘርግፋ፣
አረንጓዴ ዱቄት በሃይላንድ ክዳን እየሰፈረች፣
«ሺፈራው! ሺፈራው!» ስትል ትውላለች።
ስምንት ዓመት ሙሉ አስፋልት አለያይቶን፣
ሰላም አንባባልም፣ ደንበኛ አጣልቶን።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጨርቅ ብናኝ በፀጉሯ፣
ዘነበች መጣች፤ ሶዶ ነው አገሯ፤
ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ስትሰፋ አድራ፣
የከንፈሯ ጥግ ቆስሎ፣ በሳል ተሰባብራ።
«ያቺን ባለወርቋን» አለች፣ ጣቷን ቀስራ፤
«ሱፐርቫይዘሬ ትውጣለች፤ አላየሁም ጉንፋን ይዟት።»
ዋጋውን ነገርኳት።
ሳቀች። ሳቋ ግን ከአፏ ሳይወጣ ሳል ሆነባት።
«እመለሳለሁ» ብላኝ
አስፋልቱን ተሻገረች።

ዳንሴ ግን ክዳኑን አላነሳችላትም።
«ስንት ሳምንት ሆነሽ? ማታ አያልብሽም?
ከስተሻል መሰለኝ።» ክንዷን ይዛ ለካቻት።
ከዚያም፣ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ አሳየቻት፤
«ያንን ሰውዬ ጠይቂው፤ ጤና ጣቢያ ይምራሽ፤
መጀመሪያ አክታሽን አስመርምሪ።
ዱቄቱ የትም አይሄድ፤ እዚሁ ይጠብቅሽ።»

ማታ ሱቅ ዘግቼ እኔም ተሻገርኩ።
«ለምን መለስሻት?» ብዬ ጠየቅኩ።
ነጭ ሽንኩርቷን በኬሻ እየጠቀለለች፣
ቀና ሳትልልኝ እንዲህ መለሰች፦

«ሺፈራው ባሌ ነው። ሺ ሰው እንዲፈራው
እናቱ ሰየመችው፤ ሳል ግን መች ፈራው!
ሦስት ወር ሙሉ ስሙን በጥብጬ አጠጣሁት፤
ስሙን በሙቅ ውኃ፣ ስሙን በማር፣ ስሙን በአሬራ ጋትኩት።
ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራት ይዞ ሲያየው፣
ሳንባ ሳይሆን ወንፊት ነው።
ቅጠሉን አልወቅስም፤ ጎመን ነው፤ ያበረታል፤
ጎመን ግን ከመቼ ወዲህ ሐኪም ይሆናል?
‹ጎመን በጤና› እንጂ ሲባል የሰማሁት፣
‹ጎመን ለጤና›ን እኔው ነኝ ያመጣሁት።»

የምለው ጠፍቶኝ አምስት ክዳን ገዛሁ፤
መልሱን ረስቼ ማዶ ተመለስሁ።

አርብ ዕለት ዘነበች ወረቀቷን ይዛ፦
«ነፃ ነሽ አሉኝ! የነቀርሳ ምልክት የለም።
አሁንስ ጠርሙሷን፣ በሁለት ደሞዝ ከፍዬ ብወስዳት?»
እውነቱን ነገርኳት
(የሱቁ አከራይ አይስማኝ)፤
«ጠርሙሷን ተያት። አሞራ ገደል ውረጂ፤ ቆሮሶ ግዢበት፤
ሾርባውን ጠጥተሽ፣ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ ጎመን ጨምሪበት፤
ከዳንሴም አንድ ማንኪያ ወጥሽ ላይ ነስንሺበት።
እዚያ አባ ኮዳ አለ፣ ካፖርት ለብሶ እንደ ሐኪም የቆመ፤
የዓሣ አንጀት እየዋጠ ዘመኑን ሙሉ ያልታመመ።
የሚወስደውን ከነገረሽ፣ ለኔም ንገሪኝ።
ከዚያ ተኚ፤ ስምንት ሰዓት፣ ሳይቆራረጥ።
ከዚህ ሁሉ ጠርሙስ እሱ ነው የሚበልጥ።»

ዘነበች አሰበች። በጣቷ ቆጠረች።
«ዓሣው በወር ሁለቴ ይሆናል» አለች።
«እንቁላሉም ይሞከራል።
ዱቄቱን ዳንሴ በዱቤ ትሰጠኛለች።
እንቅልፉ ግን፣ ጋሼ፣
የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?»

ዞር ብዬ አየሁ።
የምሬን፣ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ።