ቆራሌው ሲመጣ

«እርጅና ነው» አሉ እትዬ በላይነሽ፣
«የእኔም ጉልበት ያው ነው፣ ሐኪም ምን ሊያደርግሽ?»
እኔም ተስማማሁኝ። አሥራ አራት ዓመቱ፤
አንድ ዓይኑ ደፍርሷል፣ ነጥቷል አፍና ፊቱ።
ሰኞ እግሩን ጎተተ፣ «ብርድ ነው» አልኩና
ሹራብ ደረብኩለት። ተኛ እንደገና።
ማክሰኞ ከሥጋ ቤት አጥንት ለምኜለት፣
አሽትቶ ተወና አንገቱን ደፋበት።
ረቡዕ የሐኪሙን ስልክ ፈልጌ አገኘሁ፤
ዋጋውን አስልቼ «ነገ ይሁን» አልሁ።

ሐሙስ ጠዋት
ከእሪ በከንቱ ቁልቁለት ያ ድምፅ መጣ፦
«ቆራሌው!»
ሻምበል ይህን ሰው አሥር ዓመት ሙሉ
ዝም ብሎ አሳልፎት አያውቅም፤
በሩን በጥርሱ ሊነቅል ይደርስ ነበር።
ዛሬ ጆሮው ብቻ
ትንሽ ቀና አለና
ተመልሶ ወደቀ።

ሰውዬው ቆመ።
ደግሞ ተጣራ፣ ቀስ ብሎ፣
ለእሱ ብቻ እንደሚጣራ።
ዝም።
በቆርቆሮው ቀዳዳ አየኝና
«ጠላቴ ምን ሆነ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስልኬን አነሳሁ።
እሱ ማዳበሪያውን ገለበጠ፦
ጠርሙስ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ አንድ እግር ጫማ።
አራግፎ መሬት አነጠፈው።
«ያዢ በዚያ በኩል።»
ላዳ እስከሚቆምበት አስፋልት
ተሸክመነው ወጣን፤
ሻምበል የሰውዬውን እጅ
መንገዱን ሙሉ እያሸተተ፣
ሳይነክሰው።