አንቀጽ ሠላሳ አንድ

«ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ቢሆኑ፣ የጎል ልዩነት ይታያል።
ይህም እኩል ቢሆን፣ ያገቡት ጎል ይቆጠራል።
ይህም እኩል ቢሆን፣ እርስ በርስ የተጫወቱት ይመረመራል።
ይህም እኩል ቢሆን…»

ከዚህ በታች ያለውን ማን አንብቦት ያውቃል?
ሕግ እንዲህ ነው፤ አቧራ ለብሶ ይተኛል፣
አንድ ቀን ስምህን ጠርቶ ይነቃል።

ግንቦት ነበር ፕቱይ፤ የመጨረሻው ጨዋታ፤
ዝናቡ ሜዳውን አድርጎት የጭቃ ገበታ፤
ድራቫ ሞልቶ ከድልድዩ ሥር ሲያጉረመርም፣
ሁለት ሺህ ሰው ከነጃንጥላው፣ የሚቀመጥ አንድም የለም።
መውረድ ማለት እዚያ
የሰንጠረዥ ነገር ብቻ አይደለም፤
የዳቦ ቤቱ ማስታወቂያ፣ የአውቶቡሱ ናፍጣ፣
የወጌሻው ደመወዝ፣ የሕፃናቱ ማሰልጠኛ
ተያይዞ ይወርዳል እንጂ
ደረጃ ብቻውን ወርዶ አያውቅም።

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ። ቲለን፣ ተቀይሮ የገባ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የግንበኛ ልጅ፣
ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ
በግንባሩ ሊል፣ በጆሮው ነክቶ አገባ።

በጆሮው! ጃንጥላ ሁሉ ወደ ሰማይ ተወረወረ፤
ልጁን ደስታ እንደ እሳት ያዘው፣ የሚያጠፋው ውኃ አጣ፣
ማሊያውን አውልቆ በራሱ ላይ አዞረ፣ አዞረ።

ዳኛው ቀረበ፤ ሳቅ ብሎ፣ እንደ ማዘን እያሳየ፣
እጁን ኪሱ ከተተ። ቢጫ ወጣ።
በዚያ ጩኸት መሀል ማን አየ?

ልዩብልያና። የሊጉ ጽሕፈት ቤት። ሦስተኛ ፎቅ። ሌሊት።
ጸሐፊዋ ዝዴንካ የዳኞቹን ቅጽ ዘርግታለች፤
ሠላሳ ስድስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተኝተውላት።
ነጥብ፦ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት።
ልዩነት፦ ያው። ያገቡት፦ ያው።
አራቴ ተገናኝተው አራቴ አቻ፤
መንታም እንዲህ አይመሳሰል።
«…ጥቂት ካርድ ያየው ክለብ በሊጉ ይቆያል።»

ቆጠረች። የጨው ማሳዎቹ ከተማ፦ ሰባ አንድ።
ቆጠረች። ፕቱይ፦ ሰባ ሁለት።
ደግማ ቆጠረች፣ በእርሳስ ጫፍ እየነካች፣
ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ሴት።
ሰባ ሁለተኛዋ ጠጠር እንዲህ ትላለች፦
«ሰማንያ ዘጠነኛ ደቂቃ፣ ቁጥር ሃያ ሰባት፣ ማሊያ በማውለቅ።»
ጎሉ አቆያቸው፤ ደስታው አወረዳቸው።

የፕቱይ ልጅ ናት፤ መዝገብ ይህን አይጠይቅም።
ወንድሟ ሎይዜ እዚያው ማሊያ አጣቢ ነው፤ ይህንንም አይጠይቅም።
አንቀጹ ሲረቀቅም ነበረች፤
ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ሁሉም ርቦት፣
«ካርድ ቢቆጠርስ?» ያለችው ራሷ ነች።
የተከራከራት የለም፤ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር።

እኛ ዘንድ፣ ድሮ፣ «በሕግ አምላክ!» ሲባል
ዱላ ያነሳ እጅ አየር ላይ ይቀር ነበር።
ዝዴንካን ማን ያስቁማት?
ሕጉ እጇ ላይ ነው፤ አምላኩ የት እንዳለ እንጃ።
ፈረመች። መብራቱን አጠፋች።
ደረጃውን በእግሯ ወረደች፤ አሳንሰር አልፈለገችም።

ሰኞ ጠዋት ሎይዜ የቡድኑን ማሊያ አጠበ፤
የሃያ ሰባት ቁጥር ጭቃ ሁለት ውኃ ፈጀ።
ቲለን መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።
ምንም አላለ። ሎይዜም ምንም አላለው፤
የልብስ መቆንጠጫ አቀበለው እንጂ።
አብረው ሰቀሉ፣ እስከ መጨረሻው ካልሲ።

ከዚያ ከወንዙ በኩል ነፋስ መጣ፤
ማሊያውን ሞላው፣ ደረት ሰጠው፣ ክንድ አወጣለት፤
ከገመዱ ነቅሎ በባዶው ሜዳ ላይ
አዞረው፣ አዞረው፣ አዞረው፤

ማንም እጁን ኪሱ አልከተተም።