መሬት ያጣ አበባ

በቪቴብስክ ከተማ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጅ፣
ሁለት እናት ቆመዋል፤ አንዷ ያጣች ልጅ፣
ሌላዋም ያጣች ልጅ።

የዚናይዳ ልጅ፣ የራይሳን ገደለ፤
መንግሥት በአንድ ጥይት፣ «ተወራርዷል» አለ።

ራይሳ በችሎቱ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣
«ይሙት» አለች፤ «ደሟ፣ አይሸጥ አይለወጥ።
እሷ አፈር ለብሳ፣ በሃያ ዓመቷ፣
እሱ ፀሐይ ሊሞቅ? አትፈቅድም እናቷ!»

ለዚናይዳ መጣ፣ ጥቅል በፖስታ ቤት፤
የልጇ ጫማ ነው፣ ከአንዲት ወረቀት።
ቀኑ ተጽፎበታል፣ መቃብሩ የለም፤
ሕጉ አይነግርም፤ ለእናት፣ ለዘላለም።
ከዚያ ወዲህ እሑድ፣ አበባ ታቅፋ፣
ትዞራለች የሰው፣ የሰው መቃብር አልፋ።

ራይሳ አከራዬ ናት። ማታ ሻይ አፍልታ፣
«አልጸጸትም» አለች፣ መጋረጃ ዘግታ፤
«ሞት ይገባው ነበር፤ ቃሌን አልመለስሁም።
የጠየቅሁት ነፍሱን፤ መቃብሩን አላልሁም።»

በማግስቱ አየሁ፣ ከልጇ ሐውልት ጎን፣
ሁለተኛ ጠርሙስ፣ ውሃ ያዘለውን።
ማንንም አልጠራች፤ እጇ ብቻ አኖረው።
ዚናይዳም እስካሁን አልመጣች።
ውሃው በረዶ ነው።