በር ሳላንኳኳ

የክትባት ክፍል ነበር። ለእኔ ሰጡኝ አምና፤
የሕፃን ሚዛኑ ከጣሪያው አልወረደም ገና።
ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤
ኮሪደር ላይ ያለው ውስጥ ያለውን ይሰማዋል፤
ውስጥ ያለውም ይህን ያውቃል፣
ከነገሩ ግማሹን ይውጠዋል።

አግዳሚው አንድ ነው። አንድ እንጨት፣ አራት እግር።
ቤቱ የተቃጠለበት ጓንጉል ከዚህ ዳር፣
ልጇ ጠመንጃ ይዞ የወጣባት አበጁ ከዚያ ዳር፤
መሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ፣
ማንም የማይቀመጥበት፣ ቆሞ ቢውል እስከ ማታ።

ቅጹን አነሳሁ። ከላይ የወረደ፣ ዘጠኝ ጥያቄ።
"ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሽ?"
ምርጫ አለው፦ ምንም፤ ጥቂት ቀን፤ ከግማሽ በላይ፤ በየቀኑ።
አበጁ ነጠላዋን አጣፍታ ቆየችና
"እንቅልፍስ ይወስደኛል" አለች፤ "ችግሩ መንጋቱ ነው።"

ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም።

"ከእሱ ፊት የቀበርኳትን ያስረሳኛል ብዬ
ማስረሻ አልኩት፣ በጀርባዬ አዝዬ።
አልዋሸኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አስረሳኝ።
እንግዲህ ለማስረሻ ማስረሻው ከየት ይገኝ?"

"የት ሄደ?" አልልም። ቅጹ ይላል፤ እኔ አልልም።
"ከማን ጋር?" አልልም።
ኮምፔንሳቶው ጆሮ አለው፤ ጓንጉልም ጆሮ አለው፤
እኔም ወንድም አለኝ፣ የት እንዳለ የማላወራው።
"ምን አይወድም?" አልኳት፣ "ነበር"ን ከአፌ አውጥቼ።
"በሶብላ አይወድም" አለች። ሳቀች።
ወዲያው መሳቋ አስደነገጣት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።
ሬሳ ለሌለው ሐዘን ድንኳን አይተከልም።
የእድሩ ዳኛ፣ ጋሽ ስማቸው፣ ደንቡን ገልጠው አሳዩኝ፤
ደንቡ ልክ ነው፤ እኔም በየወሩ ከፋይ ነኝ።
"በቁሙ ላለ ሰው ንፍሮ ይቀቀላል ወይ?"
"አይቀቀልም" አልኩ።
"ታዲያ ምን ልስጥሽ?"
"ወንበር።"
መድኃኒት ብላቸው ያውቃሉ፤ ጸበልም ብላቸው፤
ወንበር የሚያዝ ሐኪም ግን አይመስለኝም ያጋጠማቸው።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስድስት ወንበር በጋሪ መጣ።
ያለቀሰ የለም። "ያጥናሽ" ያለም የለም።
ሰው መጣ፣ ተቀመጠ።
ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ውሃው ፈረቃ፤
አንዷ ስለ ጥርሷ ሕመም፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ።

ሰባተኛውን ወንበር ይዞ የመጣው ጓንጉል ነበር።
ከቃጠሎው የተረፈ፤ አንድ እግሩ ከሰል የመሰለ።
በሩ ጋ አኖረው። አልተቀመጠበትም።
ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ።

ታረቁ አልልም፤ አልታረቁም።
አበጁ ያንን ጥቁር እግር
አንዳንዴ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች።
አይለቅም።

ማታ ከባጃጅ ወርጄ ቀሃን ስሻገር
ቅጹን ለራሴ በልቤ ሞላሁት፤
አንደኛው ጥያቄ፦ ምንም። ሁለተኛው፦ ምንም።
ወንድሜ ስልክ ከደወለ አምስት ወሩ።
ቅጽ ሰው አይጠረጥርም፤ እስከ ዘጠኝ ዋሸሁት።

አበጁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃኛለች።
መርዶ እዚህ አገር ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጣ፣
በሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚያንኳኳ፤
"በጠዋት ስትመጪ" አለች፣ "በሬን አታንኳኪ፤
ገና ከሩቅ ስሜን ጥሪ፤ ድምፅሽን አስቀድመሽ ላኪ።"

ይኸው ዛሬም፣ የአዘዞ ጭጋግ ሳይነሳ፣
ከባሕር ዛፉ ጥግ ቆሜያለሁ፤
መንገደኛው ዞሮ እያየኝ፣
ሐኪምነቴን ረስቼ፣ እንደ ጉልት ሻጭ እጮኻለሁ፦

"አበጁ! እኔ ነኝ!
ባዶ እጄን ነው የመጣሁት!
ምንም አልያዝኩም!"

ከውስጥ መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ።